ጨረቃዋን ተዉልን

ሰሞኑን አንድ የአስፈሪ አጫጭር ልብወለዶች ውድድር ደንቡን አወጣ። አንዷ መስመር እስካሁን ታንገበግበኛለች። «ሙሉ ጨረቃ ያለበት ድርሰት አንቀበልም» ትላለች፤ ሌላ ማብራሪያ የላትም። ከዳኞቹ አንዱ ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ሦስት ምክንያት ደረደረ። አንደኛ፣ ጨረቃ የተበላ እቁብ ናት። ሁለተኛ፣ ሰው ረግጦት የተመለሰ ድንጋይ ማንንም አያስፈራም። ሦስተኛ፣ ሙሉ ጨረቃ ሰውን እንደማታሳብድ በጥናት ተረጋግጧል። ይህን ያነበበው ሁሉ «እሰይ፣ እኛንም ሰልችቶን ነበር» እያለ ሲያጨበጭብ ከረመ።

እኔ አላጨበጭብም። ደንቡ የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቶቹም የአስፈሪ ድርሰትን ሀሁ ያልቆጠረ ሰው ምክንያቶች ናቸው።

ከሁለተኛው ልነሳ፤ ከሁሉም የባሰው እሱ ነውና። ሰው ስለረገጣት አታስፈራም ማለት ምን ማለት ነው? ፍርሃት መቼ ነው በኮቴ የተባረረው? እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለት ሰዎች በማሪያና ሸለቆ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የውቅያኖስን ወለል ነክተው ተመልሰዋል። ታዲያ ከዚያ ወዲህ በሌሊት መሐል ባሕር ላይ ከጀልባ ወድቆ፣ እግሩ ሥር ያለውን ጥልቀት የማይፈራ ሰው ተፈጥሯል?

ደግሞስ የሄዱት ሰዎች ምን አገኙ? ከ1969 እስከ 1972 ድረስ 12 ሰዎች ጨረቃ ላይ ተራምደዋል። የሚተነፈስ አየር የለም። ድምፅ የለም። ፀሐይ እያበራች ሰማዩ ጥቁር ነው። ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ዱካቸውን የሚያጠፋ ነፋስም ዝናብም ስለሌለ የጫማቸው ምልክት እዚያው ቀርቷል። ከዚህ ጉዞ በፊት ደራሲዎች ጨረቃ ላይ ከተማ ይሠሩ፣ ፍጡር ያሰፍሩ ነበር። ከጉዞው በኋላ የቀረልን ሬሳ ነው። በየሌሊቱ አናታችን ላይ የምትንጠለጠለው፣ መንገዳችንን የምታበራልን፣ ሕፃናት በጣታቸው የሚጠቁሟት ነገር ምንም ሕይወት የሌለባት መሆኗን በእግራቸው ሄደው ያረጋገጡልን እነዚያ ሰዎች ናቸው። ይህን ሰምቶ «እንግዲህ አትፍሩ» የሚል ሰው የአስፈሪ ድርሰት ዳኝነት ወንበር ላይ ምን ያደርጋል?

ማስረጃ ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2000 የጃፓኑ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ኔንቲዶ «ማጆራስ ማስክ» የተባለውን የዜልዳ ጨዋታ አወጣ። ሰው ጨረቃን ከረገጠ 31 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ጥርሷን ያገጠጠች፣ ዓይኗን ያፈጠጠች ጨረቃ በሦስት ቀን ውስጥ ከተማዋ ላይ ልትወድቅ ትወርዳለች። ተጫዋቹ ቀና ባለ ቁጥር ትናንት ከነበረችበት ቀርባ ያገኛታል። ያን ጨዋታ በልጅነቱ የተጫወተ ሰው አግኙና ጨረቃዋን ጠይቁት። ስለሌላው ሁሉ ቢረሳ ስለ እሷ አይረሳም። ያ ትውልድ ሰውን ጨረቃ ላይ ስላደረሱት የአፖሎ ጉዞዎች በትምህርት ቤት የተማረ ትውልድ ነው። እውቀቱ ከፍርሃቱ አላዳነውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ብርሃኗ። ጨረቃን የሚንቁ ሰዎች ሁሉ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ጨረቃ የምታስፈራው ጭራቅ ስለምትፈለፍል ይመስላቸዋል። አይደለም። ጨረቃ የምታስፈራው ስለምታሳይ ነው፤ ያውም በግማሽ።

ድፍን ጨለማን አስቡት። በድፍን ጨለማ ውስጥ ደራሲ የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው። ምንም አይታይም፤ ድምፅና ዳበሳ ብቻ ይቀራል። በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ሁሉም ነገር ስሙን ይዞ ይቆማል፤ ዛፉ ዛፍ፣ ጉቶው ጉቶ ነው። ጨረቃ የምትሰጠን የሁለቱን መሐል ነው። አንድ ነገር እዚያ ጋ እንዳለ ትነግርሃለች፤ ምን እንደሆነ ግን አትነግርህም። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል ትደክማለች። ገጿም እንደምናስበው ነጭ አይደለም፤ እንዳረጀ አስፋልት የጠቆረ ነው፤ ከሚያርፍባት የፀሐይ ብርሃን የምትመልሰው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በዚህች ብርሃን ስናይ ዓይናችን ሌላ ዓይን ይሆናል። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሴሎች ቀለም አይለዩም። ቀዩ ቀድሞ ይጠቁራል፤ ፑርኪንዬ የተባለው የቼክ ሳይንቲስት ይህን ያስተዋለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በጨረቃ ብርሃን ደም ቀይ አይደለም። ጥቁር ነው። መሬት ላይ የፈሰሰው ውኃ ይሁን ደም ጎንበስ ብሎ ሳይነኩት አይታወቅም። ይህን የመሰለ ስጦታ ለአስፈሪ ደራሲ ማን ይሰጠዋል?

ከዚህም የሚብስ አለ። እነዚያ የሌሊት ሴሎች በዓይናችን እይታ መሐል ላይ የሉም፤ የሚበዙት ዳር ዳሩን ነው። ስለዚህ በደብዛዛ ብርሃን አንድን ጭላንጭል ነገር ፊት ለፊት ስታፈጥበት ይጠፋብሃል። ዓይንህን ወደ ጎን ስታዞር ይመለሳል። የሰማይ ተመልካቾች ደብዛዛ ኮከብ ለማየት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አስቡት፤ ከአጥሩ ሥር አንድ ነገር ቆሟል። ታፈጥበታለህ፤ የለም። ፊትህን ታዞራለህ፤ አለ። ይህ የደራሲ ፈጠራ አይደለም፤ የሁላችንም ዓይን የተሠራበት መንገድ ነው። ጨረቃን ከድርሰት ማስወጣት ይህን ሁሉ አሽቀንጥሮ መጣል ነው።

ሻማ እፍ ይባላል። መብራት ይጠፋል። ባትሪ ወደፈለግክበት ታዞረዋለህ፣ ስትፈራም ታጠፋዋለህ። ጨረቃን ማን ያጠፋታል? ብርሃኗ ደግሞ ያንተ ብቻ አይደለም። አንተ ሜዳ ላይ ስትቆም፣ ጫካው ውስጥ ያለው ከዛፉ ጥላ ሥር ሆኖ ያይሃል። አንተ ግን እሱን አታየውም። እስኪ አንድ የሌሊት ጉዞ ያለበት ጥሩ ድርሰት አውጡና ጨረቃዋ ማንን እንደምታጋልጥ ተመልከቱ፤ ሁልጊዜ የሚሸሸውን ነው። ሯጩ ደመና እንዲመጣለት ይጸልያል። በዚያ ላይ ጨረቃዋ ትከተለዋለች። ርቀቷ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ እኛ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብንሮጥ ቦታዋ የተለወጠ አይመስልም፤ ዛፉና ቤቱ ወደ ኋላ ሲቀር እሷ ከጎናችን ትሮጣለች። ልጅ ሆነን ሁላችንም ያየነው ነው። ምክንያቱን መማራችን ስሜቱን አላጠፋውም። የምታሳየንም አንድ ፊቷን ብቻ ነው፤ ጀርባዋን የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሉና 3 የተባለችው የሶቪየት መንኮራኩር በ1959 ፎቶ ስታነሳው ነው። ሁልጊዜ ፊቷን ወደ አንተ አዙራ የምትከተልህ፣ ሁሉን የምታይ፣ ስትጮህ የማትሰማህ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ጭራቅ ትፈልጋላችሁ?

ትልልቆቹ ደራሲዎች ይህን ያውቁት ነበር። ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ፍጡሩን የሠራው ሰው ከእንቅልፉ ሲባንን ፍጡሩን አልጋው አጠገብ ያየዋል፤ የሚያየው በመስኮቱ መዝጊያ በኩል ሾልኮ በገባ ደብዛዛ ቢጫ የጨረቃ ብርሃን ነው። በኋላም ሙሽራይቱ ከተገደለች በኋላ ያ ፍጡር በመስኮቱ ላይ ሲገለጥ የምታሳየው እሷው ናት። በ1897 በወጣው በብራም ስቶከር «ድራኩላ» ውስጥ ሦስቱ ደም መጣጭ ሴቶች ጨረቃን ከኋላቸው አድርገው ይቆማሉ፤ ወለሉ ላይ ግን ጥላ የላቸውም። ያለ ጨረቃ ይህ እንዴት ይጻፋል? ጥላ የሌለው ሰው የሚያስደነግጠው ጥላ የሚያስጥል ብርሃን ሲኖር ነው። አንዳቸውም ጨረቃዋን ለጌጥ አላስቀመጧትም። ምስክር አድርገው አቆሟት።

«የተበላ እቁብ» ወደሚለው እንምጣ። እሺ፣ ሙሉ ጨረቃ ፊት ለፊት ገደል ላይ ቆሞ የሚያላዝን የተኩላ ሥዕል እኔንም አንገሽግሾኛል። ይህን እቀበላለሁ፤ ከዚህ አልፌ ግን አንድ ጋት አልሄድም። ያ ሥዕል የጨረቃ አይደለም፤ የሲኒማ ቤት ነው። ሰው በሙሉ ጨረቃ ተገዶ ተኩላ ይሆናል የሚለውን ደንብ በዓለም ሁሉ ያሰራጩት የ1930ዎቹና የ40ዎቹ የሆሊውድ ፊልሞች ናቸው። በ1941 በወጣው «ዘ ዉልፍ ማን» ውስጥ በሚደጋገመው ግጥም እንኳ ጨረቃዋ ደማቅ ናት እንጂ ሙሉ አይደለችም፤ ሙሉ የሆነችው በ1943ቱ ተከታይ ፊልም ነው። ዳኛው እንግዲህ ገና መቶ ዓመት ያልሞላውን የፊልም ልማድ ከጨረቃ ጋር አምታቶ ሁለቱንም በአንድ ብዕር ሰረዛቸው።

ጥንታዊውን ተኩላ ሰው ማየት የሚፈልግ ወደ ሮማዊው ደራሲ ፔትሮኒየስ ይሂድ፤ 1ኛው ክፍለ ዘመን። ሁለት ሰዎች በሌሊት ይጓዛሉ። ጨረቃዋ እንደ ቀትር ፀሐይ ታበራለች። መቃብሮች ያሉበት ቦታ ሲደርሱ አንደኛው ልብሱን አውልቆ መንገድ ዳር ያስቀምጥና ተኩላ ሆኖ ጫካ ይገባል። ጨረቃዋ ተኩላ አላደረገችውም። እሷ ያደረገችው ጓደኛው እንዲያየው ነው። ባታበራ ኖሮ ያ ምስኪን ምንም ሳያውቅ መንገዱን ይቀጥል ነበር። እኔ እስካሁን የምጮኸው ይህንኑ ነው፤ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች የገባቸውን ነገር ዛሬ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠ ሰው እንዴት ይስታል?

ሦስተኛው ምክንያት፣ ሳይንስ። አዎ፣ ሙሉ ጨረቃ ሰውን ታሳብዳለች የሚለው እምነት በጥናት ሲፈተሽ አልቆመም። ታዲያ ማን ታሳብዳለች አለ? ጥናት ከተጠራ ግን ሌላም አለ። ተመራማሪዎች በታንዛኒያ ከ1988 እስከ 2009 አንበሶች በሰው ላይ ያደረሱትን ጥቃት መርምረው ውጤቱን በ2011 አሳትመው ነበር። ጥቃቱ የሚበረታው ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ጨረቃ ዘግይታ ስለምትወጣ የምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ይጨልማሉ፤ ሰው ገና አልተኛም፤ በደማቅ ሌሊቶች አደን ያቃተው አንበሳ ደግሞ ርቦታል። ሙሉ ጨረቃ ራሷ አትገድልም። ከነገ ጀምሮ የሚመጣውን ግን ታስታውቃለች። አያቶቻችን ሙሉ ጨረቃን ሲያዩ ሆዳቸው የሚሸበረው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያ ፍርሃት ከእነሱ ወደ እኛ እንደተላለፈም አልጠራጠርም። ዳኛው ሳይንስን የጠራው ፍርሃታችን መሠረት የለውም ለማለት ነው፤ መሠረቱ ግን በደም የተጻፈ ነው።

ደግሞ ለምን እሷ ብቻ? የሚንቋረር በር አልተከለከለም። ምድር ቤት አልተከለከለም። ወና ቤት፣ ነጎድጓድ፣ ያረጀ አሻንጉሊት፣ በመስተዋት ውስጥ የሚታይ ሌላ ፊት፤ አንዳቸውም አልተከለከሉም። እነዚህ ሁሉ በመልካም ደራሲ እጅ ያስፈራሉ፣ በሰነፍ እጅ ያሰለቻሉ። ጨረቃም እንዲሁ። ኤድጋር አለን ፖ በ1839 «የአሸር ቤት ውድቀት» በተባለው አጭር ልብወለዱ መጨረሻ ላይ የአሸርን ቤት ሲያፈርሰው፣ በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የምትታየው ልትጠልቅ የተቃረበች፣ ደም የመሰለች ሙሉ ጨረቃ ናት። ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ ሙሉ ክቧ ይወጣል፤ ቤቱ ይናዳል። ይህ ድርሰት ዘንድሮ ለዚያ ውድድር ቢላክ በደንቡ መሠረት ሳይነበብ ይጣላል። ዳኞቹ ይህን አስበውበታል? ካሰቡበት ኃፍረት ነው፤ ካላሰቡበት ደግሞ ለመዳኘት አልደረሱም።

የሚከለከል ነገር ካስፈለጋቸው የሚያላዝነውን ተኩላ ይከልክሉ፣ አልቃወምም። ድርሰት መቀበያው ቀን ገና ስላላለፈ ያቺን መስመር መሰረዝ ይችላሉ። እስኪሰርዟት ድረስ የሚጽፉ ወዳጆቼ ድርሰታቸውን ወደዚያ ባይልኩ ደስ ይለኛል፤ ጨረቃቸውን የሚቀበል ሌላ ቦታ ይፈልጉ።