የወጣት ማዕከሉና ስልክ ነጣቂው፦ ከለንደን የበጀት ክርክር የተወሰደ ትዝብት

በየዓመቱ የአውሮፓውያኑ ፌብሩዋሪ ሲጋመስ የለንደን 32 ቦሮዎች (የከተማዋ የአስተዳደር ክፍሎች) ምክር ቤቶች የቀጣዩን ዓመት በጀት ለማጽደቅ ይሰበሰባሉ፤ ከየቤቱ የሚሰበስቡትን የካውንስል ታክስ መጠን እስከ ማርች 11 ድረስ ቆርጠው ማሳወቅ የሕግ ግዴታቸው ነውና። ኑሮዬን በዚህ ከተማ ካደረግሁ ወዲህ እነዚህን ስብሰባዎች ከሕዝብ መቀመጫው ሆኜ መከታተል ልማድ ሆኖብኛል። ነዋሪው ይዞት የሚመጣው አቤቱታ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። ቤተ መጻሕፍቱን አትዝጉብን፣ የወጣት ማዕከሉን አትንኩብን፣ አረጋውያኑን የሚንከባከቡትን ሠራተኞች አትቀንሱብን የሚለው አንደኛው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ስልካችንን የሚነጥቁን ጎረምሶች አስመርረውናልና አንድ በሉን የሚል ነው። ሁለቱንም አቤቱታ የሚያሰሙት ብዙውን ጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን የመጀመሪያው በፋይናንስ፣ ሁለተኛው በማኅበረሰብ ደኅንነት ርዕስ ሥር ተለያይተው ይሰፍራሉ፤ መልስ የሚሰጡትም ሁለት የተለያዩ ኃላፊዎች ናቸው። ይህ አከፋፈል ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እንጂ ለመንገዱ የሚመች አይመስለኝም።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። ምክር ቤቶቹ ከማዕከላዊው መንግሥት ያገኙት የነበረው ድጎማ ከ2010 ወዲህ በነበሩት ዓመታት (የእንግሊዝን ዓመታት የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ክፉኛ ተቀንሷል። ራሳቸው የሚጥሉት ዋናው ግብር ካውንስል ታክስ ሲሆን፣ የሚሰላውም ቤቶች በ1991 በነበራቸው ግምት መሠረት ከኤ እስከ ኤች በተደለደሉ እርከኖች ነው። ጭማሪው 5 በመቶ ከደረሰ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት ስለሚያስፈልግ፣ አብዛኞቹ ምክር ቤቶች ባለፉት ጥቂት ዓመታት 4.99 በመቶ ላይ ሲቆሙ አይተናል። ወጪው ግን እዚያ አይቆምም። አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን መንከባከብ፣ ለጥቃት የተጋለጡ ሕፃናትን መጠበቅ፣ ቤት ላጣ ቤተሰብ ጊዜያዊ መጠለያ መስጠት በሕግ የተጣሉባቸው ግዴታዎች ናቸው። የለንደን ቦሮዎች ለጊዜያዊ መጠለያ ብቻ በቀን ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጡ በ2024 ገልጸው ነበር። ይህን መጠለያ ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ከነጠባብነቱ ያውቁታል፤ አራት ሰው በአንድ ክፍል፣ ማብሰያው ከማያውቁት ቤተሰብ ጋር በጋራ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለት አውቶቡስ ማዶ።

እንግዲህ ግዴታ የሆነው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ቅነሳውም የሚያርፈው ሕጉ አጥብቆ በማይጠብቃቸው አገልግሎቶች ላይ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍት እንኳ የ1964ቱ ሕግ ‹‹ሁሉን አቀፍና ቀልጣፋ›› አገልግሎት እንዲሰጥ ስለሚያዝዝላቸው ጠበቃ ይዞ የሚሟገትላቸው ነዋሪ ያገኛሉ። የወጣት አገልግሎትም በሕግ የተጠቀሰ ነው፤ ነገር ግን ድንጋጌው ምክር ቤቱ አገልግሎቱን የሚያቀርበው በተግባር እስከተቻለው ድረስ መሆኑን ይናገራል። ገንዘብ በጠፋበት ዓመት ‹‹አልተቻለም›› ማለት ቀላል ነው። ከ2010 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ከለንደን የወጣት ማዕከላት 30 በመቶ ያህሉ የተዘጉት በዚህ መንገድ ነው።

የፊስካል ጥናት ተቋም በ2024 ያወጣው ጥናት የእነዚህን መዘጋት ተከትሎ የሆነውን መርምሯል። በአቅራቢያቸው የነበረው ማዕከል የተዘጋባቸው ታዳጊዎች ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸው በ14 በመቶ ከፍ ብሎ፣ የትምህርት ውጤታቸውም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ማዕከላቱን በመዝጋት ከዳነው ከእያንዳንዱ 1 ፓውንድ በተቃራኒ ወደ 3 ፓውንድ የሚጠጋ ኪሳራ በሌላ በኩል እንደተከተለም ጥናቱ ያሰላል። ኪሳራው የሚመዘገበው በምክር ቤቱ መዝገብ አይደለም፤ በፖሊስ፣ በፍርድ ቤትና በማረሚያ ቤት ሒሳብ ነው። ለዚህም ነው የፋይናንስ ኃላፊው ቅነሳውን እንደ ቁጠባ ሲያቀርበው ማንም ዋሸህ ሊለው የማይችለው።

በአንድ የደቡብ ለንደን ምክር ቤት የታዘብሁትን ላንሳ። አንዲት ሶማሌያዊት እናት ስለ ሰፈራቸው የወጣት ማዕከል እንዲናገሩ ሦስት ደቂቃ ተፈቀደላቸው። የቦሮው ከንቲባ የማዕረግ ሐብላቸውን አጥልቀው ከላይ ተቀምጠዋል፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ ስትሆን ተናጋሪው ይጀምራል፣ ቀይ ስትሆን ያቆማል። ሴትዮዋ የጻፉትን ንግግር ትተው ከቦርሳቸው ያወጡት የማዕከሉን የመገኛ ደብተር ነበር፤ የልጆቹ ስም፣ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት በልጆቹ በራሳቸው እጅ ተጽፎበታል። ‹‹ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ልጄ የት እንደነበረ ይህ ደብተር ይነግረኛል፤ ከሚያዝያ በኋላ ማን ሊነግረኝ ነው?›› አሉና ገጹን ወደ አባላቱ አዙረው አሳዩ። የፋይናንስ ኃላፊው በትሕትና አመሰገኗቸው፤ ውሳኔው ለሁላቸውም የከበደ መሆኑንም አስረዱ። ከጥቂት ደቂቃ ዕረፍት በኋላ በቀረበው አጀንዳ ይኸው ጉባኤ በዚያው ሰፈር ተጨማሪ የደኅንነት ካሜራ እንዲተከል በአንድ ድምፅ ደገፈ። ደብተሩ በካሜራ እንደተተካ ያስተዋለ ከነበረ አልተናገረም።

እዚህ ላይ አንድ የማደንቀውን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ከ2014 ጀምሮ በእንግሊዝ ምክር ቤቶች በጀት ሲጸድቅ የየአባሉ ድምፅ በስም እንዲመዘገብ ደንብ ወጥቷል። በዚያ ምሽት ስማቸው ሲጠራ አንዳንዶቹ ‹‹እደግፋለሁ›› ያሉት አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ያች እናትም ገና ከመቀመጫቸው አልተነሡም ነበር። የሰፈራቸውን ማዕከል ማን እንደዘጋው በስም ያውቁታል፤ በምርጫ ጊዜም በራቸውን ሲያንኳኳ የሚሉትን ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን ከውድቀት አያድንም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚያስተዳድረው የበርሚንግሃም ምክር ቤት ከእኩል ክፍያ ጥያቄ በመነጨ ዕዳና በተበላሸ የኮምፒዩተር ሥርዓት ግዢ ሳቢያ በሴፕቴምበር 2023 ገንዘቡ ወጪውን እንደማይችል በይፋ አሳወቀ። በማርች 2024 በሁለት ዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ቅነሳና፣ በመንግሥት ልዩ ፈቃድ፣ የ9.99 በመቶ የካውንስል ታክስ ጭማሪ አጸደቀ። ከቅነሳው ዕቅዶች አንዱ የመንገድ መብራቶችን ማደብዘዝ ነበር። ክርክሩ ሁሉ በአደባባይ፣ በቀጥታ ሥርጭት ተካሂዷል፤ ነዋሪው ግን ተጨማሪ ከፍሎ በደበዘዘ መንገድ እንዲሄድ ተፈርዶበታል።

ወደ ወንጀሉ ስንመጣ፣ ምክር ቤቶቹ የሚያዙት አንድም ፖሊስ የላቸውም። የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ተጠሪነቱ ለለንደን ከንቲባና ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው። ስለዚህ በጎዳና ወንጀል ላይ የሚደረገው ክርክር የቱንም ያህል ቢጋጋል፣ መቋጫው አብዛኛውን ጊዜ ለከንቲባው ወይም ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ነው። (ደብዳቤ መጻፍ የእኛ ቢሮክራሲ ብቻ ፈሊጥ ይመስለኝ ነበር።) ችግሩ ግን የምር ነው። በ2024 በለንደን ወደ 80,000 የሚጠጉ ስልኮች ተሰርቀዋል። በዚያው ዓመት በገና ዋዜማ አንድ የተዘረፈ ሰው ስልኩን በመከታተያ ተከታትሎ ሒትሮው አየር ማረፊያ አጠገብ ካለ መጋዘን ደረሰበት፤ ወደ ሆንግ ኮንግ ሊላክ ከተዘጋጀ ሳጥን ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ስልኮች ተገኙ። ከዚያ የተነሣው ምርመራ እስከ 40,000 ስልኮችን ወደ ቻይና አሻግሯል ተብሎ የተጠረጠረ መረብ ላይ ማድረሱን ፖሊስ በ2025 አስታውቋል። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ሽው ብሎ ከእጅ የሚነጥቀው ፊቱን የሸፈነ ጎረምሳ እንግዲህ የዚህ ረጅም ሰንሰለት መጨረሻው ቀለበት ነው። ሰንሰለቱን መበጠስ የፖሊስ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ሰንሰለቱ በየሰፈሩ ዘወትር አዲስ ጎረምሳ የሚያገኝበትን ምክንያት መጠየቅ ግን የምክር ቤቱ ድርሻ ነው። ይህን ሕጉ ራሱ ይላል፤ የ1998ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 17 ምክር ቤቶች በማናቸውም ሥራቸው ላይ ውሳኔያቸው በወንጀል ረገድ የሚያስከትለውን እንዲያመዛዝኑ ያዝዛል። በበጀት ሰነዱ ላይ ይህ አንቀጽ አንዲት መስመር ተሰጥታው አይቻለሁ፤ ‹‹የጎላ ተጽዕኖ የለውም›› የምትል።

በአገር ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሳኔው ይፈጥናል፣ ክርክሩ ይጠፋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ዘመን፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ሳይክሎች ለዝርፊያ እየዋሉ ነው በማለት በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ አገደ፤ ፈቃድ የሚሰጣቸው ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። እርምጃውን የደገፈው ብዙ ነበር፤ በታክሲ መስኮት ስልኩን የተነጠቀ፣ በሞተር ጎትተው ቦርሳዋን የወሰዱባት ሁሉ እፎይ ብሏል። በሞተሩ ዕቃ እያደረሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወጣት ግን ከማስታወቂያው በፊት የሚናገርበት ሦስት ደቂቃ አላገኘም። ለንደን በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ይህን ያህል የፈጠነ እርምጃ ብትወስድ እኔም ደስ ይለኝ እንደነበር አልሸሽግም፤ ያን ጊዜ ምግብ የሚያመላልሱት የአገሬ ልጆች ምን እንደሚሆኑ እስካስብ ድረስ።

የአዲስ አበባን የሰፈር ጸጥታ የሚጠብቀው፣ ከፖሊስ ሌላ፣ ነዋሪው በየወሩ አዋጥቶ የሚቀጥረው የሰፈር ዘበኛ፣ ደንብ አስከባሪውና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተደራጀው የሰላም ሠራዊት ነው። በኮሪደር ልማቱ የተተከሉት መብራቶችና ካሜራዎች በዋና ዋና መንገዶች ላይ ማታ መንቀሳቀስን እንዳቀለሉ የሚመሰክሩ ዘመዶች አሉኝ፤ ምስክርነታቸውንም አልጠራጠርም። ማጅራት መቺው ግን ከመብራቱ ጀርባ ወዳለው ቅያስ ቢዞር፣ ነዋሪው በወረዳው ስብሰባ ተነሥቶ በስም የሚጠይቀው የመረጠው ሰው ማነው? በአዲስ አበባ የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ጣሪያና ግድግዳ የምንለው ግብርም መሠረቱ የ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. በተደረገበት ክለሳ ክፍያው ሲያሻቅብ ብዙ ነዋሪ ጭማሪውን ያወቀው ሊከፍል በሄደበት መስኮት ነው። እንግሊዞች በ1991 ግምት፣ እኛ በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ለብዙ ዓመታት እየከፈልን መኖራችን ያመሳስለናል፤ ልዩነቱ እነሱ ጭማሪውን ‹‹እደግፋለሁ›› ያለውን ሰው ማወቃቸው ነው።

ታዲያ በዚህ በተከፈተው የለንደን አዳራሽ የእኛ ሰው ለምን አይታይም? በስቶክዌልም ሆነ በኬንቲሽ ታውን ሐበሻ ካውንስል ታክሱን ከሌላው እኩል ይከፍላል፣ ልጁም በዚያው መንገድ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ስጠይቃቸው ‹‹ልጄ፣ ድምፅ የማልሰጥበት ቤት ገብቼ ማን ሊሰማኝ ነው?›› አሉኝ። እውነት አላቸው፤ በእንግሊዝ ዜግነት ያላገኘ ኢትዮጵያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም በአካባቢ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ በስኮትላንድና በዌልስ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሁሉ ይመርጣል። ነገር ግን ጥያቄ ለማቅረብ በአብዛኞቹ ምክር ቤቶች ዜግነት አይጠየቅም፤ በአካባቢው መኖር ወይም መሥራት ይበቃል፤ ከስብሰባው ጥቂት ቀናት ቀድሞ በጽሑፍ ማስገባት ብቻ ነው።

እኚሁ እናትና ሌሎች ሁለት ወላጆች ልጆቻቸው አውቶቡስ ስለሚጠብቁበት ጨለማ ጥግ የጻፉትን ጥያቄ እንግሊዝኛውን አቃንቼላቸው ለምክር ቤቱ አስገቡ። መልሱ በኃላፊው ስም ተፈርሞ፣ ቀን ተጽፎበት መጣ፤ መብራቱ የሚመለከተው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ይላል፣ የሚጻፍበትንም አድራሻ ያመለክታል። ለዚያኛውም ጽፈዋል።