በሩ ሲበላሽ

በወቅቱ የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው የሪቻርድ ሊፍተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ስላገኘው አንድ የደም ግፊት መንስኤ መጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። ከኩላሊት በላይ ባለችው አድሬናል ዕጢ ሴሎች ላይ ፖታሲየም የሚያሳልፍ በር አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ኬሲኤንጄ5 የተባለው ጂን ሲበላሽ በሩ ሶዲየምም ያስገባል። ካልሲየም ይከተላል፣ አልዶስትሮን የተባለው የዕጢዋ ሆርሞን ያለልክ ይመረታል፣ ኩላሊት ጨው ይይዛል፣ የደም ግፊቱ ሽቅብ! ሁሉም በአንዲት የጂን ፊደል ስህተት።

እናቴ ሦስት ዓይነት የግፊት መድኃኒት እየዋጠች 170 ላይ ነበረች። ሌሊት ባቷ እየተኮማተረ ሲያስጮኻት "ብርድ ነው" ብለን ቅባት እናሻት ነበር። ለካ የበዛው አልዶስትሮን በሽንት እያስወጣው ፖታሲየሟ አልቆ ኖሯል! አልዶስትሮኗ ይለካ ያለ ሐኪም የተገኘው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ "ጨው ቀንሺ" ብቻ። ምስኪን፣ ጨው አልባ ሽሮ ስትበላ ከረመች። ሆርሞኑን የሚያግደውን ስፒሮኖላክቶን የተባለውን መድኃኒትም ብታነሱት ጥሩ ነበር፤ እሷን ያሳረፋት እሱ ነው።