ጆሮ የማይሰማውን ጥራት በሕዝብ ገንዘብ መግዛት

በደሴ ለአንድ የባህል አዳራሽ የድምፅ ዕቃ እንዲመርጥ የተሰየመ ኮሚቴ፣ ያለ እንከን የሚሠራውን አምፕሊፋየር አስወግዶ በውድ ዋጋ ሌላ እንዲገዛ ሰሞኑን ወስኗል። ምክንያቱ የነባሩ የድምፅ መዛባት፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ ከራሱ የሚጨምረው ባዕድ ድምፅ፣ ከመቶ 0.01፣ የአዲሱ ደግሞ ከመቶ 0.001 መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ማን ይሰማዋል ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ፣ የሠለጠነ ጆሮ ይሰማዋል የሚል ነበር።

ይህ ሰማሁ ያለውን ሁሉ ሊቅ፣ አልሰማሁም ያለውን ሁሉ ማይም የሚያደርግ ማምለጫ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ከመቶ 0.01 ማለት በድምፅ መጠን መለኪያው በዲሲቤል ሲሰላ፣ ከዋናው ድምፅ በ80 ዲሲቤል ያነሰ ማለት ነው። ማሲንቆው ለአድማጩ በ90 ዲሲቤል ቢደርሰው፣ አምፕሊፋየሩ የጨመረበት ባዕድ ድምፅ 10 ዲሲቤል ገደማ ይሆናል፤ ሰው የሞላበት አዳራሽ ግን ማንም ሳይናገር፣ በትንፋሽና በወንበር ኮሽታ ብቻ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያሰማል። ባዕዱ ድምፅ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ከዋናው ጋር አብሮ ይነሣል፣ በእርሱም ይሸፈናል። የማሲንቆ የፈረስ ጭራ ክር ሲገዘገዝ የዋናውን ድምፅ ሁለት፣ ሦስትና አራት እጥፍ ድግግሞሽ በራሱ ያወጣል፤ አምፕሊፋየሩ በዋናነት የሚጨምረውም በእነዚሁ ላይ ስለሚያርፍ፣ የአምባሰልን ቅኝት ከባቲ ቅኝት በቅጽበት የሚለይ አዝማሪ እንኳ ከራሱ ከማሲንቆው ሊነጥለው አይችልም። ስፒከሩስ? በወፍራም ድምፆች ላይ ከመቶ 1 ማዛባቱ የተለመደ ነው፤ ይህም ኮሚቴው ከሚሸሸው መቶ እጥፍ ነው።

የመንዙማ ከበሮ በኃይል ሲመታ አቅሙ ያለቀበት አምፕሊፋየር የድምፁን ጫፍ ሲቆርጠው ማንም ይሰማል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ) ከሚመላለሰው የመብራት ኃይል የሚመጣውን እምምታም እንዲሁ። የመጀመሪያው የሚወገደው በቂ ዋት ባለው አምፕሊፋየር፣ ሁለተኛው በትክክለኛ የመሬት ሽቦና የኬብል ዝርጋታ ነው። ከነጥቡ በኋላ በሚደረደር ዜሮ ብዛት የሚወገድ የለም።

ኮሚቴው ጆሮውን ካመነ ከመፈረሙ በፊት ይፈተን። ሁለቱ ዕቃዎች ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጡ፤ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የጮኸው ብዙ ጊዜ የተሻለ ስለሚመስል መጠናቸው በመለኪያ እስከ 0.1 ዲሲቤል ይስተካከል፤ የሚቀያይረውም ሰው ከአባላቱ ጋር አይተያይ። አባላቱም የሚሰማው የትኛው ዕቃ እንደሆነ ይለዩ። በ16 ሙከራ በግምት ብቻ 8 ያህል ትክክለኛ መልስ ይገኛል፤ 12 እና ከዚያ በላይ በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል ግን ከመቶ 4 አይሞላም። 12 ያገኘ አባል ይፈርም፤ ያላገኘ ገንዘቡን ለስፒከሩና ለመሬት ሽቦው ይተው።