ማርያም የሳመችው

ሜልቦርን ፉትስክሬይ ሰፈር የሁላችንም ሐኪም የነበሩት ሽማግሌ ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። ለሽኝቱ ሐበሻው ድፎ ዳቦ ይዞ ሄደ፣ ቬትናሞቹም የራሳቸውን። እኔ የአዲስ አበባ በረራ ስለነበረብኝ ኬኩ ሳይቆረስ ወጣሁ። ይሄው አሁን ጥቁር አንበሳ አካባቢ አንዲት ካፌ ቁጭ ብዬ ስለሳቸው እጽፋለሁ።

ሰውየው በአንድ ነገር ይታወቃሉ። ለጉንፋንም ሂድ ለወገብ ሕመም፣ ጫማህን አውልቅ ይሉሃል። የመጀመሪያ ቀን ደነገጥኩ፣ ካልሲዬ ደግሞ ቀዳዳ ነበር። ውስጥ እግሬ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አይተው ምንድን ናት አሉኝ። ማርያም ስማኝ ነው አልኳቸው (በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳስረዳሁ አትጠይቁኝ)። ሳቁ፣ ግን ለክተው መዘገቧት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ትለካለች። አላደገችም፣ ተመስገን።

አውስትራሊያ የቆዳ ካንሰር አገር ናት። ከሦስት ሰው ሁለቱ 70 ዓመት ሳይሞላው አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ይይዘዋል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 አንድ የካርቱን ወፍ በቴሌቪዥን እየዘፈነ ሸሚዝ ልበሱ፣ ክሬም ተቀቡ፣ ባርኔጣ አድርጉ ማለት ጀመረ፤ ዛሬ ባርኔጣ ያልያዘ ተማሪ ሜዳ ላይ የማይጫወትባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። እኛ ግን ይሄ የነጭ ጣጣ ነው ብለን ዘና ብለን ነበር። ዶክተሩ ናቸው ቦብ ማርሊ በዚያው በ1981፣ በ36 ዓመቱ፣ ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር በጀመረ ሜላኖማ በሚባል የቆዳ ካንሰር መሞቱን የነገሩኝ። አፈርኩ። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ጥር መስቀል አደባባይ 60ኛ ልደቱ ሲከበር እዚያ ስጨፍር ነበር፣ ምን እንደገደለው ግን አላውቅም። ሜላኖማ ጥቁር ሰው ላይ ብርቅ ነው። ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ማንም ስለማያየው ዘግይቶ ይገኛል።

ፀሐይን በመከላከልማ የአዲስ አበባ ሴቶች ማንንም ያስተምራሉ። ጠራራው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ይሄዳሉ፣ ሜልቦርን ጃንጥላ የሚወጣው ለዝናብ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አይደለችም። አልቢኒዝም ላለበት፣ ቆዳው ቀለም አጥቶ ለተወለደ ልጅ ደግሞ ሰንስክሪን፣ ያ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ መድኃኒት ነው። እኔ ያየሁት ግን መዋቢያ ሱቅ ውስጥ፣ ከፊት ማቅያ ክሬም ጎን ተደርድሮ ነው፤ ዋጋውንም ጠይቄ መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጅ ሆኜ ማታ ማታ የአያቴን እግር በሞቀ ውሃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። እያንዳንዷን ንቃቃት አውቃታለሁ። አሁን የአባቱን እግር የሚያጥብ ልጅ የት አለ? ከትናንት ወዲያ አባዬን እስቲ ካልሲህን አውልቅ ብለው፣ «ምነው፣ ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ እንዴ?» አለኝ። ግራውን አወለቀ። ቀኙን ለምኜው ነው። የአውራ ጣቱ ጥፍር መሃሉ ላይ ጠቁሯል። ድንጋይ መቶኝ ነው አለ። መቼ? አያስታውስም። ማርሊም መጀመሪያ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ መስሎት ነበር።

ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ቀጠሯችን አምስት ሰዓት ነው። አባዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ማኪያቶውን እየጠጣ ነው፣ ጫማውን አስሮ፣ እኔን በግልምጫ እያየ።