ቡና ስካር አያበርድም
«ደብረ ማርቆስ ሠርግ ሄጄ አረቄ ቢበዛብኝ፣ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥቼ እነዳለሁ» ላልከው ወንድሜ፣ ትንሽ እርማት አለኝ። ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ያ በዋናነት የጉበት ሥራ ነው። ጉበት ደግሞ በቡና አይቸኩልም፤ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ቀዝቃዛ ሻወርም ያው ነው። የነቃ ሰካራም ትሆናለህ፣ በቃ።

እርግጥ የጎጃም ባለ ሠርግ «በሞቴ!» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔ መለኪያዬን አልጨርስም። ባዶ ካዩት ይሞሉታላ! ወይም ያልፈላ ብርዝ እጠይቃለሁ፤ ማርና ውሃ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። የመኪናውን ቁልፍ ግን ገና ሳትቀመጥ ለማይጠጣ ሰው ስጥ። በኋላማ ማን ይሰጣል?