ካርታው አንድ ቀለም ሲሆን

አሜሪካ ለሁለት ተከፈለች ሲባል እዚህ ባህር ዳር ያለው ሰው ቶሎ የሚታየው ካርታው ነው፣ ይሄ ስቴት ቀይ (የትራምፕ ፓርቲ የሪፐብሊካኖቹ)፣ ያኛው ሰማያዊ (የዴሞክራቶቹ)፣ ልክ ድንበር ተሰምሮ ቀዮቹ ወዲህ ሰማያዊዎቹ ወዲያ የሰፈሩ ይመስለዋል። እኔ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ እዛ የማየው ግን እንደዛ አይደለም። አንድ ቤተክርስቲያን አብረው የሚያስቀድሱ፣ አንድ ማዕድ የሚቆርሱ የኛው ሰዎች ባልየው ለትራምፕ ሚስትየው ለዴሞክራቶቹ የሚመርጡበት ቤት አለ። ክፍፍሉ በየቤቱ ነው ያለው፣ ካርታው ግን ይሄንን አያሳይም።

ሰሞኑን ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንድ ባጃጅ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ እ.ኤ.አ. የ2020ውን የአሜሪካ ምርጫ በየካውንቲው (እንደኛ ወረዳ በለው) የተቀባ ካርታ ስልኩ ላይ አሳየኝና «ጋሼ እስቲ ይዩት፣ አገሩ በሙሉ ቀይ ነው እኮ፣ ትራምፕ ታዲያ እንዴት ተሸነፈ?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ሐይቁ እያሳየሁት ይሄን ሁሉ ውሃ ቀይ ብንቀባው ስንት ሰው የመረጠ ይመስልሃል አልኩት። ጣና 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ከተማዋ ካርታ ላይ ከጎኑ ነጥብ ብትሆን ነው፣ መራጩ ግን ያለው ነጥቧ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያም ያው ነው፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ ተራራው ስትነዳ ሰፊው መሬት ቀይ ነው፣ ሰሜን ላይ ያለችው ፌርፋክስ ካውንቲ ግን ብቻዋን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት።

ልጁ ይሄን ወዲያው ገባው። ያልገባውና እኔንም ሁሌ የሚከነክነኝ ሌላው ነገር ነው፣ አንድ ስቴት ላይ ያሸነፈ፣ ፕሬዚዳንቱ የሚመረጥበትን የስቴቱን ኤሌክቶራል ድምፅ ሁሉንም ጠቅልሎ መውሰዱ። በ2020 ትራምፕ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቷል፣ ይሄ ቴክሳስ ውስጥ ካገኘው ይበልጣል፣ ግን ቴክሳስን አሸንፎ የኤሌክቶራል ድምፁን ሙሉ ሲወስድ ከካሊፎርኒያ አንዲት አልደረሰችውም። የነዛ ሁሉ ሰዎች ድምፅ ካርታው ላይ የለም፣ ሰማያዊ ተቀብቶበታል። እንዲህ የማያደርጉት ሜይንና ነብራስካ ብቻ ናቸው፣ እነሱ የተወሰነውን በኮንግረስ ወረዳ ይከፍሉታል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በአገር ደረጃ ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ድምፅ በልጣ ተሸንፋለች፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ልዩነት ለቡሽ ሄዳ ፕሬዚዳንቱን ወሰነች።

ይሄን ሳወራ አጎቴ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «የናንተስ ሁለት ቀለም አለው፣ የኛን አላየኸውም እንዴ» አለኝ። እውነቱን ነው። ግንቦት 16 ቀን 2007 በተደረገው ምርጫ ኢህአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰዱ፣ አንድ እንኳን ለሌላ ሳይተርፍ። ያን ካርታ ብንስለው ከጫፍ ጫፍ አንድ ቀለም ነው፣ የሚያየው ሰው ሕዝቡ ተስማምቷል ይላል። ዓመት ከጥቂት ወር ሳይቆይ ነሐሴ 1 ቀን 2008 የባህር ዳር ሕዝብ አደባባይ ወጣ፣ ተተኮሰበት፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ያኔ ተናግሯል። ይሄ ሰው በግንቦቱ ካርታ ላይ የት ነበር? የኔ ጥያቄ ይሄ ነው። ምርጫው ላይ የነበረው ጫና፣ እስሩ፣ ማስፈራራቱ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፣ እሱን የሚክድ የለም፣ ግን ሥርዓቱ ራሱም ተሸናፊውን ከነጭራሹ እንዳልነበረ ያደርገዋል። በ1997 አዲስ አበባ ላይ ተቃዋሚው 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ፣ በ2002 ደግሞ ከ23ቱ 22ቱን ኢህአዴግ። በመሃል የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ቢሆንም ከተማው ውስጥ ያለው ሰው አንዴ ሙሉ በሙሉ እንዲህ አንዴ ደግሞ እንዲያ አልሆነም፣ ሁለቱም ዓይነት መራጭ ሁለቱንም ጊዜ ነበረ። በ2013ም ብልፅግና ያኔ ምርጫ ከተደረገባቸው 436 ወንበሮች 410 ሲያገኝ ያው ታሪክ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ነው የሚለው፣ ከግማሽ በታች አግኝቶም ቢሆን ከሌሎቹ አንድ ድምፅ ከበለጠ በቃ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በተመጣጣኝ ውክልና ነው፣ ሕዝቡ ፓርቲ ይመርጣል፣ ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ ከራሱ ዝርዝር ሰው ያስገባል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የማንዴላ ፓርቲ ኤኤንሲ 40 በመቶ ድምፅ ሲያገኝ ከ400 ወንበር 159 ተሰጠውና ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ተጣምሮ ለመግዛት ተገደደ። በኛ ሥርዓት ቢሆን ተቃዋሚው ከተከፋፈለ 40 በመቶ ይዞ ፓርላማውን ሊሞላው ይችል ነበር። ከ2008ቱ ተቃውሞ በኋላ የኛም ፓርቲዎች ቁጭ ብለው 80 በመቶ በአብላጫ 20 በመቶ በተመጣጣኝ ይሁን ብለው ነበር፣ ከዛ ግን ለውጡ መጣ፣ ነገሩም ተዳፍኖ ቀረ።

አጎቴ በዚህ አልተስማማም። በፓርቲ ዝርዝር የገባ ሰው የማን ነው፣ የቀበሌያችን መንገድ ሲበላሽ ማንን ነው የምጠይቀው ይላል፣ ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር የራሱን ፓርቲ ይዞ ይገባና ጭራሽ ይብስብናል ብሎ ይፈራል። የመጀመሪያው ስጋቱ ልክ ነው፣ እኔም ቅይጡን የምመርጠው ለዛ ነው፣ የአካባቢህ ተወካይ እንዳለ ሆኖ የተሸናፊውም ድምፅ በልኩ ይቆጠራል። ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም፣ ፓርላማ ያልገባ ቅሬታ የትም አይጠፋም፣ ጎዳና ይወጣል፣ ጫካ ይገባል፣ ክልላችን ዛሬ ያለበትን እያየን ነው። ሰው እየሞተ ስለ ምርጫ ሥርዓት ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ፣ ለኔ ግን አንዱ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ሕገ መንግሥት እስኪሻሻል ድረስ ደግሞ አሁኑኑ የሚቻል ነገር አለ። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፣ ለማን ስንት ድምፅ እንደተሰጠ እዛ ወረቀት ላይ አለ። ምርጫ ቦርድ ያን ሁሉ ሰብስቦ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ጣቢያ በጣቢያ እንዲያየው ቢያደርግ፣ በአሸናፊው ቀለም ብቻ ሳይሆን በየፓርቲው መቶኛ ቢሣል፣ ያ የባጃጁ ልጅ የቨርጂኒያን ትቶ የራሱን ቀበሌ ማየት ይችል ነበር።