ፎርማን እያለ አርክቴክት ምን ያደርጋል?

ቤት ሊሠራ ተነስቶ አርክቴክት የሚቀጥር ሰው ያሳዝነኛል። ዘመድ የለውም ማለት ነው። ጎረቤት የለውም። ሌላው ቢቀር ቴሌግራም የለውም? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

አርክቴክት ማለት አምስት ዓመት ተምሮ ሲያበቃ አንተኑ መልሶ የሚጠይቅ ሰው ነው። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት? ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች? እናትህ ደረጃ ይወጣሉ?» እኔ ፕላን ላሠራ እንጂ ለሽምግልና አልመጣሁ። የኛ ፎርማን እንዲህ ያለ ጣጣ አያውቅም። ቦታውን አንዴ ዞረው፣ ጎንበስ አለ፣ በፌሮ ቁራጭ አፈሩ ላይ አራት መኝታ ቤት ጫረልኝ። ሲጋራውን እንኳ አልጨረሰም።

ሕግ ግን አክብረናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ፎቅ ቤት በተመዘገበ ባለሙያ ይነደፍ ይል ስለነበር፣ አንዲት አርክቴክት ፈልገን አሠራን። ዋጋዋንም በግማሽ አስቀነስኩ። ምን ትሠራለች? ወረቀት ነው፣ ማህተም ነው። በተረፈው ብር የግቢው በር ላይ ሁለት አንበሳ አስበየድኩ። ፈቃዱ እንደወጣ ፕላኑን ከካርታው ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት። ፕላን ለወረዳ ነው፤ ቤቱ የኛ ነው።

ከዚያ ምክሩ ጎረፈ፤ በነፃ! አማቼ «ሳሎኑ ይስፋ፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ» አሉ። ኩሽናው ለሳሎኑ ቦታ ለቀቀ። አሁን በቀትር ሽንኩርት ለመክተፍ መብራት እናበራለን። ዱባይ ደርሶ የመጣው አጎቴ ደግሞ ፊት ለፊቱ በሙሉ መስታወት ይሁን አለ። ፊት ለፊታችን ምዕራብ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ዱባይ ማላብ ቀላል ዕድል መሰላችሁ? የላይኛው ሽንት ቤት ቧንቧ በሳሎኑ ኮርኒስ ውስጥ ያልፋል። በጂፕሰም አሳምረነዋል። እንግዳ ካለ ውሃ አንለቅም፣ በቃ።

ደረጃው ግን የፎርማኑ እጅ ሥራ ነው። አርክቴክቷ የወለሉን ከፍታ እኩል አካፍላ፣ እያንዳንዷን ደረጃ 17 ሳንቲም አድርጋ ነበር። እሱ ማካፈል ምን ያደርግለታል? ከታች ጀምሮ 20፣ 20 እያለ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ የቀረው 9 ሳንቲም ሆነ። እግር 20 ለምዶ ይመጣና 9 ሲያገኝ አየር ይረግጣል። እናቴ በዚያች ደረጃ ምክንያት ፎቁን አይተውት አያውቁም። «ከታች ያምራል» ይላሉ።

ለቤት ምርቃቱ የወንድሜን ልጅ ደረጃው አናት ላይ አቆምነው። «የመጨረሻዋን አስተውሉ!» እያለ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ። አርክቴክቷንም ጠርተን ነበር። ሳሎኑን አየች፣ ኮርኒሱን ቀና ብላ አየች፣ ደረጃው ጋ ቆመች።

«ይሄ የኔ ፕላን ነው?» አለችኝ።

«ማህተምሽ አለበት» አልኳት።